ከተማው በፊታችን የተዘጋበት ቅዳሜ

አምቦ ያደገ ሰው የላሜራ በር ድምፅ ሁለት ዓይነት መሆኑን ያውቃል። አንደኛው ባለሱቁ ሲመሽ ሒሳቡን ጨርሶ ቀስ ብሎ የሚያወርደው ነው፤ እሱ ማንንም አያስደነግጥም። ሁለተኛው በጠራራ ፀሐይ «ጓ!» ብሎ የሚወርደው ነው። ያንን የሰማ ሰው ምን ተፈጠረ ብሎ አይጠይቅም። እግሩ ቀድሞት ይሄዳል፤ ጥያቄው ቤት ከገባ በኋላ ይደርሳል። ዛሬ የምነግራችሁ ያ ሁለተኛው ድምፅ ስለተሰማበት አንድ ቅዳሜ ነው።

ስሜ ቢፍቱ ይባላል። ያኔ በአካውንቲንግ ተመርቄ፣ ዲግሪዬን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ማስታወቂያ ሰሌዳ የምዞር ሥራ ፈላጊ ነበርኩ። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» እንዲሉ፣ ቀኑን የማሳልፈው የልጅነት ጓደኛዬ ሔለን ልብስ ስፌት ቤት ነበር። ሔለን ቀን ቀን ዩኒፎርም ትሰፋለች። ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የሌለ ፍጡር ልብስ ትሰፋለች። ይሄን በሽታ ያስተላለፈብን ገመቹ የሚባል ሞባይል ጠጋኝ ነው። በስልኩ የሌላ አገር ወጣቶች የተረት ገጸ ባሕርይ መስለው፣ ለብሰው፣ ተሰብስበው ሲዝናኑ አሳየን። «እኛስ ምን ያንሰናል?» አለ። ምንም አያንሰንም ብለን ጀመርን።

ስፖንጅ፣ ካርቶን፣ የተቀደደ ጀሪካን፣ ያረጀ ጫማ፣ የከተማችን የማዕድን ውሃ ባዶ ጠርሙስ፤ ሰው የጣለውን ሁሉ እኛ እናነሳለን። ሔለን ከጠርሙስ ክዳን የዓሣ ቅርፊት ሠርታ የወንዝ ንግሥት ሆነች። እኔ የጠፈር ዘበኛ ሆንኩ። ገመቹ ራሱ የፈጠረው ታሪክ ውስጥ ያለች፣ ፀሐይ እንዳትሰረቅ የምትጠብቅ ዘበኛ ናት። ልብሴ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው። ደረቴና ትከሻዬ ላይ ቀለም የተቀባ ስፖንጅ፣ እግሬ ላይ በስፖንጅ ከፍ ያለ ቡትስ፣ ራሴ ላይ ጥቁር መስታወት ያለው የሞተር ሳይክል ሄልሜት አለ። በእጄ ደግሞ ከውሃ ቱቦ የተሠራ የብርሃን መሣሪያ እይዛለሁ። እንዲህ ስጽፈው እናንተ ምን እንደሚመስል ገና ከአሁኑ ገብቷችኋል። እኛ ግን ፀሐይ ጠባቂዋን ብቻ ነበር የምናየው።

ጌዶና ባኮ ውስጥም እንደ እኛ የለከፋቸው ልጆች በስልክ አገኘን። አንድ ቅዳሜ አምቦ ላይ እንሰብሰብ፣ ከሔለን ሱቅ ተነስተን በእግር እስከ ሜዳው እንሂድ፣ ፎቶ እንነሳ፣ ሕዝቡም ይየን ተባባልን። ለዚህ ፈቃድ ያስፈልጋል። የፈቃዱን ነገር ብዘረዝረው መጽሐፍ ይወጣዋል። የቢሮዎቹን ስም አልጠራም፤ ጉዳይ አስፈጽሞ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል።

«ሰልፍ ነው ስብሰባ?» አሉን በመጀመሪያው ቢሮ።

«ትርኢት ነው።»

«ትርኢት እኛን አይመለከትም። ታች ሂዱ።»

ታች ወረድን። «መንገድ ላይ ትሄዳላችሁ?»

«አዎ፣ እስከ ሜዳው።»

«በመንገድ ከሄዳችሁማ ሰልፍ ነው። ላይ ውጡ።»

ላይ ወጣን፤ ታች ወረድን። «ነገ ኑ» የሚለውን ቃል ከሰላምታ በላይ ሰማነው። በመጨረሻ ኦቦ ለሚ የሚባሉ ሸበቶ፣ ረጋ ያሉ ኃላፊ ጠረጴዛ ፊት ቆምን። ማመልከቻችንን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጥያቄያችሁ ምንድን ነው?»

«ጥያቄ የለንም፣ ኦቦ ለሚ» አለ ገመቹ። «ለብሰን እንሄዳለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ እንበተናለን።»

«ሰው ያለ ጥያቄ ይሰበሰባል?»

«እኛ እንሰበሰባለን።»

«እኔን ጥያቄ ያለው አያስፈራኝም» አሉ። «ጥያቄውን ሰምቼ እመልሳለሁ ወይም አልመልስም። ጥያቄ የሌለውን ነው የምፈራው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ፊታችሁን ትሸፍናላችሁ ይላል። አንቺ፣ ነገ ያንን ነገር አምጪና እዚሁ ልበሺው፤ ልየው።»

በማግስቱ ቢሯቸው ውስጥ ለበስኩ። የጎረቤት ቢሮ ሠራተኛ ሁሉ መጣ። ጸሐፊዋ አቅፋኝ ሰልፊ ተነሳች። ኦቦ ለሚ በእስክሪብቷቸው ሄልሜቱን ኳ ኳ አደረጉና ሳቁ። «ይሄ ያስቃል እንጂ አያስፈራም» ብለው መሩልን። ከዚያ ማኅተም በማኅተም ሆነ። ወረቀታችን ላይ ያላረፈ ክብ ማኅተም አልነበረም ማለት ይቀላል።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። «ለከተማው ሕዝብ በሞንታርቦ ይነገራል ወይ?» ብለን የመጀመሪያውን ቢሮ ጠየቅን። «ይነገራል» አሉ። ሁለተኛውን ጠየቅን። «ይነገራል።» ሦስተኛው እንዲያውም ተቆጥቶ «ይነገራል ተብሏል እኮ!» አለን። እኛም ደስ ብሎን ወጣን። ማን ነው የሚናገረው ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም።

ከቢሮ ሁሉ የከበደኝ የእናቴ ፈቃድ ነበር። አባቴ ሸነን የሚባል ከተማ ያስተምራል፤ አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። ቤት ውስጥ እኔና እናቴ ብቻ ነን። ታላቅ ወንድሜ ቶሌራ በግርግሩ ጊዜ አንድ ጠዋት ደብተር ሊገዛ እንደወጣ ቀርቷል። ያን ቀን ሱቆቹ ሲዘጉ እናቴ ልትፈልገው ብድግ አለች። ጎረቤት በሩ ላይ ቆሞ «አዴ፣ አትውጪ፤ ልጁ አስተዋይ ነው፣ የሆነ ቤት ገብቶ ይሆናል» አላት። ተቀመጠች። ቶሌራ የሆነ ቤት አልገባም ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቴ ስለዚያ ቀን ስትናገር የሰማሁት አንድ ቃል ብቻ ነው። «ተቀመጥኩ» ትላለች።

ስለ ቅዳሜው ነገርኳት። ልብሱ ሔለን ጋ ስለሚቀመጥ አይታው አታውቅም። ሜዳው ላይ መጥታ እንድታየኝ፣ ሄልሜቱን አውልቄ ፊቷ ብቅ እንድል ነበር ያሰብኩት።

«ፈቃድ አላችሁ?» አለችኝ።

«አለን። ማኅተሙን ብታዪው!»

«ስልክሽን ያዢ» አለች። «ስደውል አንሺ። ሌላ ምንም አልለምንሽም፣ ኢንታላ ኮ።»

ኢንታላ ኮ ማለት ልጄ ማለት ነው። ቤታችን ውስጥ አፋን ኦሮሞና አማርኛ አንድ ድስት ውስጥ ነው የሚበስለው። ልመና ሲሆን ግን እናቴ ሁልጊዜ ወደ አፍ መፍቻዋ ትሄዳለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሔለን ሱቅ ውስጥ መቆሚያ አልነበረም። ከባኮ የመጣው ልጅ ከበቆሎ ገለባ የተሠራ አንበሳ ሆኗል፤ ጎፈሩን ሚኒባስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፎ ነው ያመጣው። ሔለን የልብሴን ዚፕ ከኋላ በኩል ዘጋችልኝ፣ ማሰሪያውን ደጋግማ ቋጠረች። አንገቴ ላይ ቆዳ እንዳይታይ ሄልሜቱን ከልብሱ ጋር በማስቲሽ አያያዘችው። ጓንቱ ስፖንጅ ስለሆነ ጣቶቼ የቡላ ገንፎ ሆነዋል፤ ምንም አይዙም።

«ሜዳ ደርሰን ፎቶ ሳንነሳ ማውለቅ የለም!» አለች እየሳቀች።

«ስልኬስ?»

«የት ትፈልጊዋለሽ?»

«ከእኔ እንዳይለይ» አልኩ። ሱሪዬ ኪስ ውስጥ፣ ከልብሱ ስር ከተትኩት። እናቴ ስትደውል ንዝረቱ እንዲሰማኝ ነበር። እንዴት እንደማነሳው ግን አላሰብኩም።

ወጣን። መጀመሪያ ደስታ ነበር። ባጃጆች ጡሩምባቸውን ነፉልን፤ ሔለንን የሚያውቁ ጎረቤቶች አጨበጨቡ። ሕፃናት መጡ፤ እየበዙ ሄዱ። እኛን ለማየት ወደ ኋላ እየዞሩ፣ በፊታችን እየሮጡ፣ እየጮኹ ይሄዳሉ። እኔ ሄልሜቱ ውስጥ ፈገግ እያልኩ ፀሐይን እጠብቃለሁ።

ከዚያ ወደ ገበያው የሚወስደውን መታጠፊያ ዞርን።

ከመታጠፊያው ወዲያ ያለው ሰው ጭብጨባውን አላየም። ያየው እየጮኹ ወደ እሱ የሚሮጡ ሕፃናትን ነው። ከሕፃናቱ ኋላ ደግሞ ፊታቸው የማይታይ ሰዎች ይመጣሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ከላይ እስከ ታች ጥቁር የለበሰ፣ ጥቁር ነገር የጨበጠ ነው። መንገድ ዳር ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ቀና ብላ አየችን። አልጮኸችም። መደቧን እንዳለ ትታ ተነሳች።

ጓ!

አንድ ላሜራ ነው የወረደው። ወዲያው ከጎኑ ያለው፣ ከዚያ ከማዶ ያለው፣ ከዚያ መንገዱ በሙሉ እስከ ታች ድረስ ጓ ጓ ጓ እያለ ወረደ። ባጃጆች ባሉበት ዞሩ። ሽንኩርቱ በመንገዱ ላይ ተንከባለለ። የሆነ ሰው «መጡ!» አለ። እነማን ብሎ የጠየቀ የለም። እናቶች ያገኙትን ልጅ፣ የራሳቸውም ይሁን የሰው፣ በክንዱ እየጎተቱ ግቢ አስገቡ። ጭስ ወደ ቤት ተመልሶ እንደሚገባ ያ ሁሉ ሕዝብ በየበሩ ገባ። ዓይናችን እያየ ገበያው ባዶ ሆነ።

አሁን የምነግራችሁን ለማመን ይከብዳችኋል፤ እኔም ለራሴ ይከብደኛል። እኛ ምን እንደተፈጠረ አልገባንም። ገመቹ እጁን ዘርግቶ አስቆመንና «ማል ታኤ? ምን መጣ?» ብሎ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ሁላችንም ወደ ኋላችን ዞረን አየን! ከእኛ ኋላ አንድ አስፈሪ ነገር እየመጣ መሰለን። ይሄ ድምፅ እኮ ለእኛም የልጅነት ድምፃችን ነው። ሔለን «ሩጡ!» አለች። ከራሳችን ሸሽተን ሮጥን።

መስታወቱ በትንፋሼ ጉም ለብሶ ነበር። እግሬ ስር ያለው ስፖንጅ ያንሸራትተኛል። ስዞር ሔለን የለችም፤ ገመቹ የለም። ወደ ወንዙ በሚወርደው ጠባብ መንገድ ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ሆዴ ስር ስልኬ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

እናቴ ናት። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

ጓንቱን በጥርሴ ላወልቅ ፈለግሁ፤ አፌ ሄልሜቱ ውስጥ ነው። ዚፑን ፈለግሁ፤ ከኋላ ነው። ሄልሜቱን በሁለት እጄ ወደ ላይ ጎተትኩት፤ ማስቲሹ አንገቴን ከመላጥ በቀር አልላቀቅ አለ። ስልኩ ቆመ። ጀመረ። ቆመ። ጀመረ። የጥሪው ድምፅ እናቴ ራሷ ያስገባችልኝ መዝሙር ነው፤ ከስፖንጁ ስር ታፍኖ ከሩቅ እንደሚመጣ ይሰማኛል። እየጠራችኝ ነው፤ ስደውል አንሺ ብላኝ ነበር።

አንድ የቆርቆሮ በር አንኳኳሁ። ውስጥ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ጫማ ሲጎተት ሰምቻለሁ። «ክፈቱልኝ! እባካችሁ፣ ይሄን ነገር አውልቁልኝ!» አልኩ። የሄልሜቱ ስፖንጅ አፌን ስለሸፈነው ከእኔ የወጣው ማጉረምረም ብቻ ነበር። በበሩ ቀዳዳ ዓይን መጣ። ሄደ። ከዚያ የአንድ አዛውንት ድምፅ እየተንቀጠቀጠ መጣ።

«እዚህ ወጣት የለም፣ ጌታዬ። በእግዜር ስም፣ ሕፃናት ብቻ ናቸው ያሉት።»

ያኔ ነው የገባኝ። ከኋላችን ምንም አልመጣም ነበር። የመጣነው እኛ ነን። የውሃ ቱቦውን እንደ ምርኩዝ ተደግፌ ቆምኩ። ለካ እሱን እስከዚያ ድረስ አልጣልኩትም!

ከድልድዩ በኩል አንዲት ሴት ባዶውን መንገድ ይዛ መጣች። ከተማ ሁሉ ወደ ቤት ሲገባ እሷ ብቻ ከቤት ወጥታለች። ነጠላዋ የለም፤ አንድ እግሯ ጫማ አለው፣ አንዱ የለውም። «ቢፍቱ! ኢሳ ጂርታ? የት ነሽ?» እያለች በየበሩ ትጮኻለች። እናቴ ነበረች። ዛሬ አልተቀመጠችም።

ወደ እሷ ሮጥኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? እናቴ ናት እኮ!

አየችኝና ቆመች። አልሸሸችም። ጎንበስ ብላ ከመንገዱ ዳር እርጥብ ሣር ነጨች። እኛ አገር እርጥብ ሣር ይዞ የመጣን ሰው ማንም አይመታውም፤ ጠላትም ቢሆን ያሳልፈዋል። እናቴ ወንጌል አማኝ ናት፤ ይሄን ሁሉ «የድሮ ሰው ነገር» ትለው ነበር። ያን ቀን እጇ ሳይጠይቃት ወደ ሣሩ ሄደ። ሣሩን ከፍ አድርጋ ይዛ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከችልኝ።

«ማሎ፣ ልጄ» ብላ ለመነችኝ። «ማሎ፣ አንተም እናት አለህ።»

አንተ አለችኝ።

«ልጅ ጠፍታብኝ ነው። ቀጭን ናት፣ ጠይም ናት። ልብስ ሰፊዋ ጋ ነበረች። ምንም አላደረገችም። ፈቃድ አላቸው፤ ማኅተም አለው ብላኛለች። ካያችኋት አትንኩብኝ። እኔን ውሰዱኝ። እኔ ያለችኝ አንዷ ናት።»

«ሃርሜ! እማዬ! እኔ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩ። ጩኸቴ ሄልሜቱ ውስጥ ዞሮ ራሴን አደነቆረኝ እንጂ ለእሷ አልደረሰም። ላነሳት እጄን ዘረጋሁ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ራሷን በክንዷ ሸፈነች። ልመታት መስሏታል። ባለሁበት ደረቅሁ። እጄን መመለስም መዘርጋትም አቃተኝ። እግዚአብሔር ያንን ዓይነት ደቂቃ ለጠላቴም አይስጠው።

ምንም ምት ሳይደርስባት ሲቀር ቀስ ብላ ዓይኗን ገለጠች። በአንድ እጇ ሣሩን እንደያዘች፣ በሌላኛው ስልኳን አወጣች። ተስፋ አልቆረጠችም፤ እዚያው ተንበርክካ እንደገና ደወለች።

ከሆዴ መዝሙሩ ተሰማ።

እናቴ ስልኳን አየች። ሆዴን አየች። ደግማ ስልኳን አየች። ፊቷ ላይ የሆነውን በቃል ልነግራችሁ አልችልም። የልጄ ስልክ እሱ ጋ ነው ማለት ልጄ የለችም ማለት ነው፤ እንደዚያ ነው ያሰበችው። ሣሩ ከእጇ ወደቀ። ያቺ ጮክ ብላ የማትናገር ሴት ተነስታ ላዬ ላይ ወጣች።

«የት አደረግሃት? የት አደረግሃት? ልጄን የት አደረግሃት?»

በቡጢ ደረቴን ትመታለች። ስፖንጁን ትቦጫጭቃለች። ሄልሜቱን በሁለት እጇ ይዛ ግራና ቀኝ ትነቀንቃለች። እኔ አልተከላከልኩም። ጉልበቴን አጠፍኩላት፣ ጎንበስ አልኩላት፤ ምቺው፣ ስበሪው እያልኩ ውስጤ አለቅሳለሁ። ማስቲሹ ከአንገቴ ቆዳ ጋር ተላጠ፤ ማሰሪያው ተበጠሰ። ሄልሜቱ እጇ ላይ ቀረ።

ነፋስ ፊቴን ነካኝ። «እማዬ» አልኩ።

አላቀፈችኝም። አልመታችኝም። ሄልሜቱን በአንድ እጇ እንደያዘች፣ በሌላው ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ ጉንጬን እንደ ዕውር ዳሰሰች። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ በእኔ ትከሻ ላይ አሻግራ ባዶውን መንገድ ተመለከተችና፣ ተስፋ ባለው፣ በጣም ቀላል በሆነ ድምፅ ጠየቀችኝ።

«ቶሌራስ?»

ምን ልበላት? እሷም ጥያቄዋን ራሷ ሰማችው መሰለኝ፣ አፏን በእጇ ያዘች። አስፋልቱ ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። የጠባቡ መንገድ በሮች አንድ በአንድ ገርበብ አሉ። እኚያ አዛውንት ወጥተው አዩን፤ ተመልሰው ገብተው ውሃ በጣሳ ይዘው መጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙም አያስገርምም። ፖሊሶች ሜዳው ላይ ነበር ሲጠብቁን የነበሩት፤ መጥተው ሰበሰቡን። ሽንኩርት ሻጯ ወድቃ ክንዷ ተወልቆ ነበር፤ ወጌሻ ጋ ወሰድናት። የባኮው አንበሳ አንድ ግቢ ውስጥ የእንስሳት በረት ገብቶ ተደብቆ ኖሮ፣ ጎፈሩን አህያ በልታበት ተገኘ። በዚያ ቀን የሳቅነው በእሱ ብቻ ነው፤ ሳቁም ወደ ለቅሶ ዞረ።

ኦቦ ለሚ ቢሮ ተቀመጥን። ወረቀታችንን አገላብጠው ማኅተሞቹን አዩ፤ የራሳቸውንም አዩ። «ሕጋዊ ናቸው» አሉ ለፖሊሱ። ከዚያ ወዲያ ወዲህ ስልክ ደወሉ። «ይነገራል ተብሎ ነበር እኮ» የሚል መልስ ከየቦታው ይመጣል።

እናቴ ባንድ ጫማዋ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። «ኦቦ ለሚ» አለች፣ «ልጆቹ ለእናንተ ለሁላችሁም ተናግረዋል። ለእኛ የነገረን ግን የለም።»

ኦቦ ለሚ ከወንበራቸው ተነሱ። ለእሷ ቆመው ቀሩ።

አንባቢዬ፣ እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሰው ነኝ ብል አላጋነንኩም። በፊት ፈቃድ ማለት ወረቀት ይመስለኝ ነበር። ቢሮ ውስጥ ስሜን ለሚያውቁ ሰዎች ያሳቀው ልብስ፣ መንገድ ላይ ስሜን ለማያውቁ ሰዎች ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር። እናንተም ለበጎ ነገር ሰው ስትሰበስቡ፣ ሠርግም ይሁን ጨዋታ፣ በየት በኩል እንደምታልፉና እዚያ በኩል ያለው ሰው ምን እንዳሳለፈ ጠይቁ። የእናቴ ዓይነት ሴት በየመንገዱ አለች፤ ግንባሯ ላይ አልተጻፈም።

ጨዋታውን ግን አልተውነውም። ልተወው ስል ያስቆመችኝ እናቴ ናት። አንድ ቀን ሄልሜቱን ጭኗ ላይ አድርጋ አገላብጣ አየችውና፣ ጥቁሩን መስታወት በቢላዋ ፈልቅቃ አወጣችው። «ማሰሪያው ከፊት ይሁን» አለች። «የለበሰው ሰው ራሱ የሚፈታው ይሁን።» ዛሬ ከእኛ ጋር ከኋላ የሚታሰር ልብስ የሚለብስ የለም። ማኅተሙን እንደ በፊቱ እናስመታለን፤ ከዚያ ፊታችንን ገልጠን በየሱቁ እየገባን «ቅዳሜ እንዲህ ሆነን እናልፋለን» ብለን እንነግራለን። ጭንብላችንን በብብታችን ይዘን እንሄዳለን፤ የምንለብሰው ሜዳ ስንደርስ ነው።

በሰልፋችን ፊት እናቴ ትሄዳለች። ከዚያች መታጠፊያ ስንደርስ አንዳንድ ባለሱቅ እስከ ዛሬ እጁን ላሜራው ላይ ያደርጋል። «አትዝጉ፣ የኔ ልጆች ናቸው» ትላለች። እጁን ያወርዳል።

ሜዳው ላይ ፎቶው ተነስቶ፣ ጨዋታው አልቆ፣ ሁሉም ጭንብሉን ማውለቅ ሲጀምር ሕዝቡ ይበተናል። እናቴ ግን አትሄድም። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ዳር ላይ ትቆማለች። የሚወልቀውን እያንዳንዱን ጭንብል ትመለከታለች፤ ከስሩ የሚወጣውን እያንዳንዱን ፊት ታያለች። «እማዬ፣ እንሂድ» እላታለሁ። «ቆይ፣ አንዱ ቀርቷል» ትለኛለች። የመጨረሻው ልጅ ጭንብሉን አውልቆ ፊቱ እስኪታይ ድረስ ከዚያ ሜዳ አትወጣም።